ቅልጥ አለቱን ማንም አላየውም፤ ታዲያ እንዴት ታወቀ?

ጥያቄ፦ «መተሐራ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከከረመ በኋላ ተማሪዎቼ የጠየቁኝን በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። ባለሙያዎች በሬዲዮ ‹ከመሬት በታች ቅልጥ አለት እየተንቀሳቀሰ ነው› ሲሉ ሰምተዋል። ቆፍሮ ያየ ሰው ግን የለም። ታዲያ በምን አወቃችሁ? በየቀኑ የምትሠሩበት መሣሪያ ምንድን ነው? መሣሪያው ሁሉን የሚነግራችሁ ከሆነስ የእናንተ ድርሻ ምኑ ላይ ነው?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ሲፈታ ሌላውም ይፈታልና። መሣሪያው ሁሉን አይነግረንም። ቅልጥ አለትን ለይቶ «ይኸው» ብሎ የሚያሳይ መሣሪያ በእጃችን የለም። ያሉን መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዱ ንዝረት ይሰማል፤ ሌላው የአንድን ነጥብ ቦታ ይለካል፤ ሦስተኛው ከሰማይ ሆኖ የዛሬውን የመሬት ገጽ ካለፈው ጋር ያነጻጽራል። «ቅልጥ አለት ነው» የሚያሰኘን የእነዚህ መሣሪያዎች ምስክርነት ሳይገጥም ሲቀር ነው። ይህን ዝቅ ብዬ በቁጥር አሳይዎታለሁ። አስቀድሜ ግን የዕለት ሥራውን ልንገርዎት፤ ሰው ከሚገምተው በጣም የተለየ ነውና።

ጠዋት ቢሮ ስገባ ቀድሜ የምመለከተው ሌሊት የት እንደተንቀጠቀጠ ሳይሆን የትኛው ጣቢያ መረጃ ሲልክ እንዳደረና የትኛው እንደጠፋ ነው። ጣቢያ ስል ትልቅ ሕንጻ እንዳይመስልዎት። በሲሚንቶ የተሠራ ጠባብ ጉድጓድ፣ ውስጡ በሁለት እጅ የሚያዝ ሴይስሞሜትር (የመሬት ንዝረት መለኪያ)፣ አጠገቡ ንዝረቱን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ዲጂታይዘር፣ 12 ቮልት ባትሪ፣ ከላይ የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ሰሌዳ፣ ትንሽ የጂፒኤስ አንቴና፣ ኔትወርክ ካለ ደግሞ ሲም ካርድ የገባበት ሞደም ማለት ነው። በአፋር ሙቀት ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ ሰሌዳው አቧራ ይለብሳል፤ ገመዱን አይጥ ይበላዋል። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የተተከለ ጣቢያ ደግሞ የመዘገበውን ሁሉ በማስታወሻ ካርድ ላይ ያከማቻል፤ ሄዶ የሚያወጣለት ሰው እስኪመጣ ድረስ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሴይስሞሎጂ ባለሙያ የሥራ ቦርሳ ውስጥ ላፕቶፕና ፒንሳ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ጣቢያ ሲተከል ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር የሚደረገው ንግግርና የጥበቃ ሠራተኛው ታማኝነትም ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በላይ መረጃውን ያቆያሉ። ይህን በሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ በጥናት ጽሑፍ ላይ ግን አይጻፍም።

ሴይስሞሜትሩ መሬቱን በሦስት አቅጣጫ ያዳምጣል፦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ። ብዙ ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜ እንዲመዘግብ እናደርገዋለን። ለተማሪዎችዎ ቢሰጧቸው ጥሩ የሒሳብ ልምምድ ይሆናል፦ 100 ጊዜ 3 ጊዜ 86,400 ሰከንድ። አንድ ጣቢያ በአንድ ቀን ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ ቁጥሮች ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ ሥራው ሲጀመር፣ ማለትም በ1950ዎቹ፣ ብርሃን የሚቀበል ወረቀት በሚዞር በርሜል ላይ ተጠቅልሎ፣ በየቀኑ ተነሥቶ፣ በጨለማ ክፍል እየታጠበ ነበር የሚነበበው። የዚያን ጊዜ ባለሙያ በማጉያ መነጽር ያነብ የነበረውን ዛሬ በኮምፒውተር እናነበዋለን። የምንፈልገው ነገር ግን አልተለወጠም፤ ሞገዱ የደረሰባትን ቅጽበት ነው።

ከቁጥሮቹ አብዛኛው የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም። የንፋስ፣ ወደ ጂቡቲ የሚሄድ የከባድ መኪና፣ በመተሐራ በኩል የሚያልፈው ባቡር፣ የፋብሪካ ሞተር ድምፅ ነው። ከሁሉም በታች ደግሞ ከአምስት እስከ ስምንት ሰከንድ በሚሆን ምልልስ የማያቋርጥ ዝግ ያለ ንዝረት አለ። እሱ የውቅያኖስ ማዕበል ነው። ባሕር በሌላት አገር፣ ተራራ ላይ ተቀምጦ የባሕር ማዕበል መስማት ይቻላል ብል ተማሪዎችዎ ላያምኑኝ ይችላሉ፤ መሣሪያው ግን ቀንና ሌሊት ይሰማዋል። የመጀመሪያው ሥራችን ይህን ሁሉ ማጥራት ነው። በአቅራቢያ የተነሣ ትንሽ መንቀጥቀጥ ስንፈልግ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለሰውን ንዝረት አስቀርተን ሌላውን እንቀንሳለን። ለዚህ የምንጠቀምበት ውድ ነገር አይደለም። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኦብስፓይ የተሰኘ የሥራ ጓዝ አለ፤ በነጻ ይገኛል። በጀርመን ፖትስዳም በሚገኘው ጂኤፍዜት የተባለ የምርምር ማዕከል የተሠራው ሳይስኮምፒ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ከጣቢያዎች የሚመጣውን መረጃ በተከታታይ እየተቀበለ መንቀጥቀጥ የመሰለውን ይለያል።

አሁን አንድ ንዝረት ጠራ እንበል። ስክሪኑ ላይ ጸጥ ያለው መስመር ድንገት ይዘላል። ይህ ፒ የሚባለው ሞገድ ነው፤ በላይኛው የምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ከፍ ያለና ወደ ጎን የሚያወዛውዝ ሌላ ሞገድ ይከተላል፤ ኤስ ይባላል፤ ፍጥነቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ተነሥተው በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ፣ በመካከላቸው ያለው የሰከንድ ልዩነት ርቀቱን ይነግረናል። ከላይ በሰጠሁት ፍጥነት ካሰሉት፣ እያንዳንዷ ሰከንድ 8.4 ኪሎ ሜትር ትሆናለች። አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ባለው ጣቢያ ልዩነቱ 16 ሰከንድ ሆኖ ከተነበበ፣ መነሻው 134 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ ከዚያ በእናንተ አካባቢ እስካለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ያለው ርቀትም በዚሁ አካባቢ ነው። በእርግጥ አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን በአስተማማኝ አይነግርም። ሦስትና ከዚያ በላይ ጣቢያዎች ሲኖሩ ክቦቹ የሚገናኙበት ቦታ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ጥልቀት። በአቅራቢያው ጣቢያ ከሌለ የመንቀጥቀጡን ጥልቀት በትክክል ማወቅ እጅግ ያስቸግራል። በዓለም አቀፍ ዝርዝሮች ላይ «ጥልቀት 10 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ደጋግመው አይተው ይሆናል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የተለካ ቁጥር አይደለም፤ ጥልቀቱን መለየት ሲያቅት ስሌቱ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚቀመጥ ቋሚ ቁጥር ነው። ጋዜጠኛው ግን እንደ ልኬት ያነበዋል፤ ሕዝቡም «ሁሉም ከ10 ኪሎ ሜትር ነው የሚነሣው» ብሎ ይደመድማል። ቅልጥ አለቱ ከፍ እያለ ነው ወይስ ወደ ጎን እየሄደ ነው ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ጥልቀቱ ዋና ነገር ነው። በረሃ ይሁን ጭቃ ሄደን አዲስ ጣቢያ በቅርብ የምንተክለው ለዚህ ነው።

የሰዓት ነገርም እንዲሁ ነው። በጉድጓዱ ላይ የምትታየው የጂፒኤስ አንቴና ቦታ ለመለካት ሳይሆን ሰዓት ለመስጠት ነው የተተከለችው። የአንድ ጣቢያ ሰዓት በአንድ ሰከንድ ቢሳሳት የፒ ሞገድ በዚያች ሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛልና ስሌቱ ሁሉ ይዛባል። መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የእርስዎ ጎረቤት ደውሎ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተናወጥን» ሲል፣ በእኛ መዝገብ ላይ ማክሰኞ 22 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ቀኑም የሚጻፈው በወርና በቀን ሳይሆን ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ በሚቆጠር የቀን ቁጥር ነው። ከሰዎች የሚመጣ መረጃና ከመሣሪያ የሚመጣ መረጃ እንዲገናኙ በየቀኑ ከአንዱ ሰዓትና የቀን አቆጣጠር ወደ ሌላው እንመልሳለን። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሲደክም የሚሳት ነው፤ ስለዚህ ይህንንም ኮምፒውተሩ እንዲሠራው እናደርጋለን።

አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አዎ፣ ገብቷል፤ ሥራችንንም ለውጦታል። ፌዝኔት የሚባለውና በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሥርዓት ፒ እና ኤስ የደረሱባትን ቅጽበት ራሱ ይመርጣል። የሰው ዓይን የሚያልፋቸውን ጥቃቅን መንቀጥቀጦች ሳይቀር ያገኛል፤ እንደ ፈንታሌ ያለ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ ሰው ሌት ተቀን ቢቀመጥ የማይጨርሰውን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ነገር ግን የሠለጠነው በሰሜን ካሊፎርኒያ በተመዘገቡ መንቀጥቀጦች ነው። የስምጥ ሸለቆውን ቅርፊት፣ የመንገዱን መኪና፣ የባቡሩን ኮቴ አያውቅም። መንቀጥቀጥ ያልሆነውን መንቀጥቀጥ ነው ብሎ በሙሉ ልብ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ የእኔ ድርሻ ከመምረጥ ወደ መጠራጠር ተሸጋግሯል ማለት ይቻላል፤ ለእኔ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ወደ ሳተላይቱ ልለፍ። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሴንቲነል 1 የተባሉትን የራዳር ሳተላይቶች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያመጠቀ ነው። ከምድር ወደ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ አንዱ ሳተላይት በ12 ቀን አንድ ጊዜ ወደ ተመሳሳይ ቦታ ይመለሳል። ራዳር ስለሆነ ደመና ወይም ጨለማ አያግደውም። የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሳተላይቱ ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሲያልፍ የተመለሰለትን ሞገድ እናነጻጽራለን፤ መሬቱ በመካከሉ ከተንቀሳቀሰ ልዩነቱ በቀለም ቀለበቶች ይታያል። ሞገዱ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ አንዷ ቀለበት 2.8 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። አሥር ቀለበት ከቆጠርን መሬቱ በሳተላይቱ አቅጣጫ 28 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል። መረጃው ለሁሉም ነጻ ነው። አንዱ ምስል በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ ግን ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ቦታ አንድ ቀን ሙሉ ሊያስጠብቅ ይችላል። በእንግሊዝ ሊድስ ላይ መሠረቱን ያደረገው ኮሜት የተባለ የምርምር ማዕከል የተቀናበረውን ምስል በራስ ሰር አዘጋጅቶ ስለሚያወጣ ብዙ ሸክም አቅልሎልናል።

ሳተላይቱም የራሱ ዕውርነት አለው። ወደ ጎን ስለሚያይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚደረግ እንቅስቃሴ ብዙም አይታየውም። እናንተ አካባቢ ያለው ስምጥ በአብዛኛው ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚከፈት መሆኑ ዕድለኞች አድርጎናል። የአፋር ደረቅ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለራዳር ምቹ ነው፤ የመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ግን አገዳው በየጊዜው ስለሚያድግና ስለሚቆረጥ ማነጻጸሪያውን ያጠፋዋል፤ በሰቃ ሐይቅም ባዶ ሆኖ ነው የሚታየው። በክረምት በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት የሞገዱን ጉዞ ስለሚያዘገይ፣ ያልተንቀሳቀሰ ተራራ ያበጠ ሊመስል ይችላል። አንድን ምስል ብቻ አይቶ «ፈንታሌ አበጠ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት አይመኑት። እርጥበቱ ከቀን ቀን ይለያያል፤ እውነተኛው እንቅስቃሴ ግን በተከታታይ ምስሎች ላይ ይደጋገማል። ከዚህ ጎን ለጎን መሬት ላይ የተተከለ ጂፒኤስ አለ። ስልክዎ ላይ ያለው በሜትሮች ይሳሳታል፤ እኛ የምንተክለው በአለት ላይ ተቸንክሮ ለወራትና ለዓመታት ስለሚመዘግብ ሚሊ ሜትር ይለያል። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር እየተከፈተ መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎችዎ ጥያቄ ልመለስ። ከሁሉ የጠራው ምሳሌ በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ የሆነው ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ከ160 በላይ መንቀጥቀጦች፣ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆኑ፣ ተመዘገቡ። በመስከረም 16፣ የደመራ ዕለት፣ ዳዑሬ በተባለው ቦታ መሬት ተከፍቶ አመድ ወጣ። ከዚያ ኤንቪሳት የተባለው ሳተላይት ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ ያነሣቸው ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ መሬቱ እስከ 8 ሜትር መከፈቱ ታየ። ሁለቱ ጎኖች ተገፍተው ተነሥተዋል፤ መካከሉ ሰምጧል። የምድር ቅርፊት የተከፋፈለባቸው ታላላቅ ሰሌዳዎች በዚያ አካባቢ በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይራራቁ በመሆኑ፣ ይህ የአራት መቶ ዓመት ያህል እንቅስቃሴ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መሆኑ ነው።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ሴይስሞሜትሮቹ የመዘገቧቸው መንቀጥቀጦች ሁሉ አንድ ላይ ቢደመሩ፣ ሳተላይቱ ካየው እንቅስቃሴ አንድ አሥረኛውን እንኳ ሊያስረዱ አልቻሉም። መሬቱ የተሰነጠቀው በድንጋይ መሰበር ብቻ ቢሆን ኖሮ እጅግ የበለጠ መንቀጥቀጥ በተሰማ ነበር። ከአሥር እጅ ከዘጠኙ በላይ የሚሆነው እንቅስቃሴ ያለ ብዙ ንዝረት ተፈጽሟል። ሳይንቀጠቀጥ ይህን ያህል ቦታ የሚከፍት፣ ከፍቶም ክፍተቱን የሚሞላ ነገር ፈሳሽ መሆን አለበት። እንጨት ፈላጭ በግንድ ውስጥ እንደሚያስገባው ሽብልቅ፣ ቅልጥ አለቱ ቀጥ ብሎ በቆመ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ግራና ቀኙን ገፋ። መጠኑም 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ተሰላ። ቲም ራይት፣ ሲንቲያ ኢቢንገር፣ ጁልየት ቢግስ፣ አታላይ አየለ፣ ገዛኸኝ ይርጉና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተሙት። ለእኔ በሙያችን ከታዩት ማስረጃዎች ሁሉ እጅግ የሚያምረው ይህ ነው፤ ማስረጃው በአንዱም መሣሪያ ላይ የለም፤ በሁለቱ መካከል በጎደለው ሒሳብ ላይ ነው ያለው።

በ2017 ዓ.ም. በእናንተ ዘንድ የተባለውም በዚሁ መንገድ የተደረሰበት ነው። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል መንቀጥቀጡ በአንድ መስመር ላይ መደርደሩ፣ በራዳር ምስሎች ላይ ግራና ቀኝ ተገፍቶ መካከሉ የሰመጠ ቅርጽ መታየቱ፣ እንቅስቃሴው መንቀጥቀጦቹ ብቻቸውን ከሚያመጡት የበለጠ መሆኑ አንድ ላይ ሲታዩ ሌላ ማብራሪያ አልተገኘላቸውም። በዶፈን አካባቢ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎትና ድንጋይ መትፋቱ በኋላ የመጣ ተጨማሪ ምልክት ነው፤ ያለ እሱም መደምደሚያው ይቆም ነበር። የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 የደረሰው መንቀጥቀጥ የሚመታበትን ቀንና ሰዓት ግን ቀድሞ የተናገረ መሣሪያ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ትንበያ ዛሬም በየትኛውም አገር የለም። «ነገ ይመታል» የሚል መልእክት በስልክ ቢደርሳችሁ ከእኛ አይደለም።

ተማሪዎችዎ እንዲሞክሩ ከፈለጉ፣ በኪሳቸው ባለው ስማርት ስልክ ውስጥ ፍጥንጥነት የሚለካ ትንሽ ቺፕ አለ። ነጻ በሆኑ የመለኪያ መተግበሪያዎች አማካይነት ሦስቱን አቅጣጫዎች በመስመር ስለው ማየት ይችላሉ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጣችሁ ባቡር ሲያልፍ ተመልከቱ፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና አነጻጽሩ። ትምህርት ቤቱ አቅም ካገኘ ደግሞ ራስፕቤሪ ሼክ የተባለ ትንሽ ሴይስሞሜትር አለ፤ በዓለም ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙበታል፤ ፉሪ ላይ ካለው ጋር ባይተካከልም የአካባቢን መንቀጥቀጥ በሚገባ ይመዘግባል።

ያለ ምንም መሣሪያም የሚረዱን ነገር አለ። ሲንቀጠቀጥ ሰዓቱን በደቂቃ ይጻፉ፤ የኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑን ማመልከት አይርሱ። የት እንደነበሩ፣ ምድር ቤት ይሁን ፎቅ፣ ቆመው ይሁን ተኝተው፣ የተንጠለጠለ አምፖል ተወዛውዞ እንደሆነ፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ወድቆ እንደሆነ፣ ግድግዳ ላይ የታየው ስንጥቅ አዲስ ይሁን የቆየ ይመዝገብ። ያልተሰማቸው ሰዎችም «አልተሰማንም» ብለው ይጻፉ፤ ይህ መረጃ ሁሌም ይጎድለናል። የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ በየቤታቸው የጻፉትን ሰብስበው ከቀበሌያቸው ስም ጋር ቢልኩልኝ፣ ከጣቢያዎቹ ንባብ ጋር አስተያይቼ የንዝረቱን ስርጭት የሚያሳይ ካርታ መልሼ እልክልዎታለሁ።